ሚስቱን በቁሙ አደራ የሰጠው ሰው

አንድ ሰው ነበር። አሰላ የሚኖር፣ ጡረታ የወጣ መካኒክ። ሚስቱ አስካለ ሠላሳ ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆና ያገለገለች ሴት ናት። «የከተማው ግማሽ በእሷ እጅ ነው የተወለደው» ይሉላታል። እነሱ ግን ልጅ አልወለዱም።

ታዲያ አስካለን የመርሳት በሽታ ያዛት። መጀመሪያ ስም ረሳች፤ ቀጥሎ መንገድ፤ ኋላም ባሏን። ሌሊት ትነሳና «ምጥ የያዛት ሴት አለች፣ ልሂድ!» እያለች በር ትደበድባለች። ሰውየው አራት ዓመት አጠባት፤ አጎረሳት፤ እየተከተላት ዞረ።

አንድ ቀን ጠዋት ገላዋን ሊያጥባት ደግፏት ሳለ አዳለጠውና አብረው ወደቁ። የጎድን አጥንቱ ተሰበረ። መነሳት አቃተው። እሷም አጠገቡ ቁጭ ብላ በብርድ ትንቀጠቀጣለች። ጎረቤት ሲደርስላቸው እኩለ ቀን ሆኗል።

ወገኖቼ፣ እዚያ ሲሚንቶ ላይ ተጋድሞ ምን ያሰበ ይመስላችኋል? ስለ አጥንቱ? አይደለም። ኋላ ለእኔ ሲነግረኝ፣ «መጋቢ፣ የታየኝ አንድ ነገር ነው» አለኝ። «እኔ ድንገት ብሞት አስካለን የሚያውቃት ሰው የለም። ውሃ ራሷ ላይ ሲፈስባት እንደምትፈራ ማን ያውቃል? ከእግሯ ጀምሩ ብሎ ማን ይነግራቸዋል?»

ተሽሎት ሲነሳ መጦሪያ ቤት መፈለግ ጀመረ። የሚስቱ ወንድም ሽብሩ ይህን ሰማና ደጁ ድረስ መጥቶ ጮኸበት።

«እህቴን ልትጥላት ነው? በእኛ ዘር ሰው ለመጦሪያ አይሰጥም!»

«ልጥላት አይደለም ሽብሩ። እኔ በቁሜ እያለሁ ከሚይዟት ሰዎች ጋር ላስተዋውቃት ነው። ካላመንከኝ ሦስት ቀን አንተ ጋ ትቆይና እንነጋገር።»

ሽብሩ ደረቱን ነፍቶ ወሰዳት። በሁለተኛው ቀን እሱ ምሳ ሲበላ ከግቢ ወጣች። አራት ሰዓት ሙሉ ፈለጋት። ሲያገኛት አውቶቡስ ተራ ቆማለች፤ በባዶ እግሯ፤ አላፊ አግዳሚውን «የወለደችው የታለች?» እያለች። ይዟት ተመለሰና በእህቱ ባል ፊት ቁጭ ብሎ አለቀሰ። «ይህን አራት ዓመት እንዴት ቻልከው?» አለው።

አሁን የዚህን ሰው ጥበብ ተመልከቱልኝ! አልቸኮለም። ሦስት መጦሪያ ቤቶችን በምሳ ሰዓት፣ ሳይነግራቸው ሄዶ አየ። የመጀመሪያው ወለሉ መስታወት ነው፤ ግን ሁሉንም «እማማ»፣ «አባባ» ይሏቸዋል እንጂ የአንዳቸውንም ስም የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው ጋ ሲሄድ በር ላይ ቆሞ ቀረ፤ አላስገቡትም። የሦስተኛው ግድግዳ ቀለሙ ተላልጧል። እዚያ ግን አንዲት ሠራተኛ ማንኪያዋን ይዛ፣ አንድ ሽማግሌ ያጎረሰቻቸውን እስኪውጡ ዝም ብላ ስትጠብቅ አየ። ያንን መረጠ።

ደብተር ገዝቶ ስለ እሷ ጻፈ። ምን እንደሚያስደነግጣት፣ በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ፣ «ታስታውሻለሽ?» ሲሏት እንደምታፍር። ሁለት ወር ሙሉ በሳምንት ሁለት ቀን እየወሰዳት እዚያው አብረው ምሳ በሉ። መሄጃዋ ሲደርስ ልቧ የሚረጋበትን የጠዋት ሰዓት መረጠ። አልጋዋን ተሸክሞ የገባው ሽብሩ ነው።

በሩ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ፊቷ ጠቆረ። «እዚህ ተረኛ ማነው?»

ኃላፊዋ ሲስተር ፍቅርተ ደብተሩን አንብባዋለች። «እርስዎ ነዎት፣ ሲስተር አስካለ። ስንጠብቅዎት ነበር» አለቻት።

አስካለ ነጠላዋን አስተካክላ ገባች።

ሰውየውስ? ቤቱ ገብቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። በማግስቱ ግን ሄደ። በየቀኑ ሄደ። «ቤት ሳለን ሲደክመኝ እጮህባት ነበር» አለኝ። «አንድ ቀንማ እጄን አንስቼባታለሁ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። አሁን ሌሎች ያጥቧታል፤ እኔ ጸጉሯን አበጥርላታለሁ። እንደገና ባሏ ሆንኩ፣ መጋቢ።»

ከሁለት ዓመት በኋላ እጁን እንደያዘች አረፈች። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሽብሩ ብድግ አለና፣ «እህቴን ጣላት የምትሉ ሰዎች፣ ያንን ነገር ከእናንተ በፊት ያልኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነበር። እንደ እሷ የተወደደች ሴት በዘራችን አላውቅም» አለ።

ወገኖቼ፣ ጌታችን በመስቀል ላይ ሆኖ እናቱን ለደቀ መዝሙሩ አደራ አልሰጠምን? ታዲያ ጣላት የሚል ከመካከላችን አለ?

እናንተ የምታስታምሙ፣ «ብቻችሁን ተሸክማችሁ ካልሞታችሁ ፍቅር አይደለም» ያላችሁ ማነው? ሳትወድቁ ተነጋገሩ። ቤቱን በዓይናችሁ እዩ። የምታውቁትን ጻፉ። አደራ የሚሰጠው በቁም ነው!

የማታስታምሙትስ? ከመካከላችን አንዲት እህት አለች። የታመመች እናቷን ትታ መውጣት ስላልቻለች እዚህ ሳትመጣ አራት ወር ሆኗታል። ቤቷን ታውቁታላችሁ። ዛሬ ማን ይሄዳል? ምክር ይዛችሁ አትሂዱባት። በሩን አንኳኩና፣ «አንቺ ግቢና ተኚ፤ እስከ ማታ እኔ አለሁ» በሏት።