ሳይረግፍ የሰነበተው አበባ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሀብታም፣ ንብ የማይወድ። ይርዳው ልጄ፣ «ማር አልበላ፣ የጎረቤቴ ንብ ምን ያደርግልኛል? ቀፎውን ከማሳዬ ዳር ያስነሡልኝ» ብለህ መጥተሃልና ቁጭ በልና ስማኝ። ሽማግሌ ተብዬ ስንቱን ጎረቤት ስዳኝ ኖርኩ፣ ሰልችቶኛል። ይህን ሳልነግርህ ግን አልፈርድም።

ሰውየው ሰፊ የኑግ ማሳ ነበረው። የቤቱ የጾም ዘይትም፣ የገበያው ጨውም የሚገኘው ከዚያ ኑግ ነው። ከማሳው ዳር ደግሞ አንድ ድሃ ቀፎውን ዋርካ ላይ ሰቅሎ ይኖራል። ኑጉ ባበበ ቁጥር ንቡ ማሳውን ይወረዋል። ሀብታሙ ቆሞ ሲያይ አንጀቱ ያርራል። «ወዙን መጠጠብኝ፤ እንግዲህ ፍሬው ምን ሊይዝ ነው?» ይላል። ያገሩም ሰው እንደዚያው ያምን ነበር።

አንድ መስከረም ድሃውን አስጠራው።

«ቀፎህን አንሣ።»

«ጌታዬ፣ አበባው እስኪያልፍ ይታገሡኝ። አሁን ባነሣው መንጋው ይበተንብኛል።»

«ጠጥቶ ከጨረሰ በኋላ ቢነሣ ምን ይጠቅመኛል?»

ድሃው ቀፎውን ተሸክሞ ወደ ቆላ ወረደ። ሀብታሙ ይህም አልበቃው፤ የዱሩን ንብ በየዛፉ ሽንቁር ጭቃ አስመረገበት፣ የገደሉን በጭስ አስፈጀው።

ከዚያ ማሳው ጉድ ሆነ። የሌላው ሰው ኑግ አበባው ሲረግፍ የሱ አልረገፈም፤ ቢጫ እንደሆነ ሰነበተ። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያደንቃል። ሰውየውም «አያችሁ፣ የሚጠጣው ሲጠፋ!» እያለ ይስቃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። አበባ የሚረግፈው ጉዳዩ ሲሞላለት መሆኑን የነገረው አልነበረም። ያ ሁሉ አበባ ተከፍቶ የቆየው የሚጠብቀው እንግዳ ቀርቶበት ነው።

አጨደ፣ ወቃ። ሚስቱ በሰፌድ አንሥታ ያዝ አደረገችውና «ቀለለኝ» አለች። ብታበጥረው ነፋስ ይዞት ሄደ። ለዘር የሚሆን እንኳ አልተረፈም። ሁዳዴን ያለ ዘይት ጾሙ።

በሚቀጥለው ዓመት ያጥሩ ቀጋም ሳያፈራ ቀረ። ቀጋውን የሚለቅሙት ወፎች ጥለው ሄዱ፤ ወፎቹ ይበሉት የነበረው ትል ጤፉ ላይ ወጣ። ትልን ከንብ ጋር ምን አገናኘው ትለኝ ይሆናል። እሱም እንዲሁ ብሎ ነበር።

በመጨረሻ ቆላ ወርዶ ድሃውን ለመነው። ድሃው «መንጋው መንገድ ላይ ተበተነ፣ ጌታዬ። ባዶውን ከፈለጉ ይውሰዱት» አለው። ሰውየው ያን ሁሉ አሽከር እያለው ባዶውን ቀፎ በራሱ ጫንቃ ተሸክሞ ተመለሰ። በወይራ አጥኖ ዋርካው ላይ ሰቀለውና ሥሩ ተቀምጦ ጠበቀ። ያን ዓመትም ጠበቀ፣ የሚቀጥለውንም ጠበቀ። ንብ በጌታ ትእዛዝ አይመጣም።

ይርዳው ልጄ፣ ሰውየው አንተ ነህ። ማር ባትበላ ዘይት ትበላለህ። ማሳው ያንተ ነው፣ አበባውም ያንተ ነው፤ ፍሬው ግን ከሰው ዛፍ ተነሥቶ አጥርህን ዘሎ የሚመጣ ነው። ይህን ሰምተህም ቀፎው ይነሣ ካልክ እፈርድልሃለሁ፤ ድካሙ ለኔ ያው ነው። ብቻ አበባህ አልረግፍ ብሎ የሰነበተ እንደሆነ፣ መጥተው ይዩልኝ ብለህ እንዳትጠራኝ። አብሬህ የምስቅበት አቅም የለኝም።