ሳጥኑ ቀዝቃዛ አልተነፍስ አለ

ተረት ተረት! «የመኪና በረት!» በሉኝ እንጂ። የላሟን ሌላ ቀን እናወራለን፤ ዛሬ በረቱ ውስጥ የቆመችው መኪና ናት።

ድሬዳዋ ውስጥ ጋሽ ቢተው የሚባሉ ጡረተኛ ነበሩ። አርባ ዓመት ባቡር ላይ ትኬት ሲቆጣጠሩ ስለኖሩ ማንንም ሳይጠይቁ ማሳለፍ አይሆንላቸውም። መኪናቸው ቀይ፣ ጠፍጣፋ፣ ባለሁለት ወንበር የእሽቅድድም መኪና ናት። ዕድሜዋ ስለገፋ አሁን አሁን ባጃጅ ይቀድማታል። አንዱ ወንበር የእሳቸው ነው፣ አንዱ የባለቤታቸው የወይዘሮ ዘርትሁን። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው የከዚራን ሰፈር ይዞራሉ። ጋሽ ቢተው ይነዳሉ፣ ወይዘሮ ዘርትሁን ሐብሐብ ይበላሉ። መስኮት አይከፈትም፣ ምክንያቱም ወይዘሮ ዘርትሁንን ንፋስ ይመታቸዋል። በእሳቸው ሕግ መስኮት የሚከፈተው ለሐብሐብ ልጣጭ ብቻ ነው፤ ልጣጩ ይወረወራል፣ መስኮቱ ወዲያው ይዘጋል።

መኪናዋ ውስጥ፣ ከሬዲዮው በታች፣ አየሩን «ሙቅ» ወይም «ቀዝቅዝ» እያለ የሚያዝ ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለ። አንድ ሰኞ ሳጥኑ ጤና አጣ። ወሩ ግንቦት ነው፣ አገሩ ድሬዳዋ ነው፣ እሱ ግን በረዶ ላይ የቆመ መስሎት እሳት የመሰለ አየር ይተፋ ጀመር። ጋሽ ቢተው በጥፊ አሉት። እሱ ባሰበት። እንደገና በጥፊ አሉት። ወይዘሮ ዘርትሁን «እኔ ድፎ ዳቦ አይደለሁም!» ብለው ወረዱና ባጃጅ ጠርተው ሄዱ። ጋሽ ቢተው ቀና ሲሉ ወንበሩ ላይ የቀረው የመቀመጫ ቀበቶው ብቻ ነበር።

ሦስት ቀን ብቻቸውን ዞሩ። ወደ ቀኝ ዘወር ብለው «አየሽው ያን ሰውዬ?» ይላሉ፣ የሚሰማቸው ቀበቶው ነው። ከፋቸው፤ እውነቴን ነው፣ በጣም ከፋቸው። የሚፈልጉት ትንሽ ነገር ነበር፤ ዘርትሁን ተመልሰው እንዲቀመጡ አንዲት ትንፋሽ ቀዝቃዛ አየር።

ሐሙስ ጠዋት ሙሜ ጋራዥ ሄዱ። ሙሜ ጢሙን ሂና የሚቀባ አንጋፋ መካኒክ ነው። ሳጥኑን ፈታ፣ አገላበጠ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«አቦ ጋሽዬ፣ ቀዝቃዛ አልተነፍስ አለ።»

«አለ?»

«አዎ፣ አልተነፍስ አለ።»

«ካለማ አፍ አለው ማለት ነው። እስቲ ወዲህ በለው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ። በእኛ አፍ ዕቃ አይበላሽም፣ እምቢ ይላል። መኪናው አልነሳ አለ፣ በሩ አልከፈት አለ፣ ክብሪቱ አልጫር አለ እንላለን። አለ አለ እያልን ስንኖር ግን «ለምን አልክ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጋሽ ቢተው ጠየቁ።

«አያ ሳጥን፣ ለምን ቀዝቃዛ አልተነፍስም አልክ?»

«ሽቦዬ ተነቅላ ነዋ!» አለ ሳጥኑ። «ብርድ ይሁን ሙቀት የምትነግረኝ እሷ ነበረች። አሁን በግምት ነው የምሠራው። የሙሜ መበየጃ ሽቦዬን ይበይድልኝ፣ እተነፍሳለሁ። ደግሞ ጥፊው አሞኛል።»

ጋሽ ቢተው መበየጃውን «አያ መበየጃ፣ በል በይድ» አሉት። መበየጃው «አልበይድም፣ ጫፌ በረዶ ሆኗል» አላቸው። ሙሜ በጣቱ ነካው፤ እውነትም ቀዝቅዟል። የዚያን ቀን በድሬዳዋ ቀዝቃዛ የነበረው ነገር እሱ ብቻ ነው። «መብራት ታሙቀኝ፣ እበይዳለሁ» አለ። እንግዲህ መበየጃው ሽቦዋን አልበይድ አለ፣ ሳጥኑ ቀዝቃዛ አልተነፍስ አለ፣ የወይዘሮ ዘርትሁን ወንበር ባዶውን ቀረ።

«መብራትስ?» አሉ ጋሽ ቢተው።

«ሄዳለች» አለ ሙሜ።

«የት?»

ሙሜ በዕድሜው ሺህ ጊዜ «መብራት ሄደች» ብሏል፤ የት እንደምትሄድ ግን አንድም ቀን አስቦ አያውቅም። «እኔ እንጃ ጋሽዬ። ብቻ ሄዳለች።»

«ሰው ሄደ ሲባል የት ሄደ አይባልም? ያለ ትኬት የት ልትደርስ!» ብለው የመብራቱን ሽቦ ከምሰሶ ምሰሶ እያዩ ተከተሉት። ሙሜም ሳጥኑን በቀኝ፣ መበየጃውን በግራ ይዞ ከኋላ ከኋላ ሄደ።

መብራት ሦስተኛው ምሰሶ ላይ እግሯን አንዘላዝላ ተቀምጣ አገኟት። «እመት መብራት፣ ምነው ጠፋሽ? ለምን መበየጃውን አላሞቅም አልሽ?» አሏት። «ወድጄ መሰለዎት?» አለች መብራት። «ልመጣ ስነሳ ትራንስፎርመሩ አላሳልፍ አሉኝ። እሳቸው ያሳልፉኝ እንጂ አሞቀዋለሁ።» እንግዲህ መብራት መበየጃውን አላሞቅ አለች፣ መበየጃው ሽቦዋን አልበይድ አለ፣ ሳጥኑ ቀዝቃዛ አልተነፍስ አለ፣ የወይዘሮ ዘርትሁን ወንበር ባዶውን ቀረ።

ቀጣዩ ምሰሶ ላይ የተሰቀሉት ትራንስፎርመር የድሮ ሰው ናቸው። ጋሽ ቢተውም በዕድሜ ይበልጡኛል ብለው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀና አሉ። «አያ ትራንስፎርመር፣ እንዴት ዋሉ?»

«እምምምም» አሉ ትራንስፎርመሩ።

እዚያው ሥር ሳምቡሳ የምትሸጠው ፈቲያ ይህን አይታ «ወይኔ፣ ጋሽ ቢተው ከምሰሶ ጋር ሰላምታ ጀመሩ» አለች። ደንበኛዋ «ሙቀቱ ነው» አላት። ጋሽ ቢተው አልሰሙም።

«ለምን መብራትን አላሳልፍም አሉ?»

«እምምምም። ዛፉ ያጠላልኝ ነበር። አሁን ፀሐይ አናቴን ትቀቅለኛለች። እኔ እየተቀቀልኩ ሌላው ይቀዝቅዝ? ዛፉ ያጥላልኝ፣ አሳልፋታለሁ። እምምምም።» እንግዲህ ትራንስፎርመሩ መብራትን አላሳልፍ አሉ፣ መብራት መበየጃውን አላሞቅ አለች፣ መበየጃው ሽቦዋን አልበይድ አለ፣ ሳጥኑ ቀዝቃዛ አልተነፍስ አለ፣ የወይዘሮ ዘርትሁን ወንበር ባዶውን ቀረ።

ዛፉ ከፈቲያ ሱቅ አጠገብ የቆመ ትልቅ የኒም ዛፍ ነው። «አያ ዛፍ፣ ለምን ትራንስፎርመሩን አላጠላም አልክ?» ሲሉት «ዓይን የለዎትም እንዴ? ቀና ብለው አይመለከቱም?» ብሎ ተቆጣ። ቀና ቢሉ አንዲት ነጭ ፍየል ጫፍ ላይ ወጥታ ጉብ ብላለች። «የማጠላበት ቅርንጫፌ ላይ ተቀምጣ አጎንብሳው ቀረች። ሦስት ቀኗ ነው። እሷ ትውረድ፣ ቅርንጫፌ ቀና ይላል፣ ጥላው ለሳቸው ይደርሳል።» እንግዲህ ዛፉ ትራንስፎርመሩን አላጠላ አለ፣ ትራንስፎርመሩ መብራትን አላሳልፍ አሉ፣ መብራት መበየጃውን አላሞቅ አለች፣ መበየጃው ሽቦዋን አልበይድ አለ፣ ሳጥኑ ቀዝቃዛ አልተነፍስ አለ፣ የወይዘሮ ዘርትሁን ወንበር ባዶውን ቀረ።

«እመት ፍየል፣ ለምን ከዛፉ አልወርድም አልሽ?»

«መኪና እየጠበቅሁ ነው» አለች ፍየሏ። «በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አንዲት ቀይ መኪና ታልፋለች። መስኮቷ ይከፈታል፣ የሐብሐብ ልጣጭ ይወረወርልኛል፣ መስኮቷ ይዘጋል። ከሰኞ ወዲህ መኪናዋ ታልፋለች፣ ልጣጩ የለም። ልጣጩ ሳላየው ሌላ ቦታ የወደቀ እየመሰለኝ ከፍ ብዬ ልይ ብዬ ወጣሁ። ልጣጬን ሳላገኝ አልወርድም።»

ሙሜ «አቦ፣ ለዚህ ነው?» ብሎ ሮጦ ከገበያ የሐብሐብ ልጣጭ አምጥቶ ወረወረላት። ፍየሏ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። «ይሄ በደንብ ያልተበላ ነው። ወይዘሮ ዘርትሁን ሲበሉት ጫፉ ላይ ቀዩን ትንሽ ያስተርፉልኛል። ደግሞ ከመኪና መስኮት ያልተወረወረ ልጣጭ ምኑ ልጣጭ ነው? ቆሻሻ ነው እንጂ።»

ሙሜ «እዚሁ እጠብቃለሁ፣ ጋሽዬ። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም» ብሎ ፈቲያ ሱቅ ገባ። መበየጃውን ሶኬቱ ላይ ሰክቶ ሳምቡሳ አዘዘ። ጋሽ ቢተው መኪናቸውን አስነስተው፣ ያን እሳት እየተነፈሱ ቤታቸው ደረሱ። ሳጥኑ ወጥቷል፣ ሙቀቱ ግን አልወጣም።

ወይዘሮ ዘርትሁን በር ላይ ተቀምጠው በካርቶን ቁራጭ ያራግባሉ። አጠገባቸው የተቆረጠ ሐብሐብ አለ።

«ዘርትሁን፣ እባክሽ ልጣጭ ስጪኝ» አሉ ጋሽ ቢተው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ፍየሏ ከዛፉ አልወርድ አለች፣ ዛፉ ትራንስፎርመሩን አላጠላ አለ፣ ትራንስፎርመሩ መብራትን አላሳልፍ አሉ፣ መብራት መበየጃውን አላሞቅ አለች፣ መበየጃው ሽቦዋን አልበይድ አለ፣ ሳጥኑ ቀዝቃዛ አልተነፍስ አለ፣ ያንቺም ወንበር ባዶውን ቀረ።»

ወይዘሮ ዘርትሁን ካርቶኑን ዝቅ አደረጉት። «ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«ሳጥኑን ለምን አልክ ብለህ ጠየቅኸው?»

«ጠየቅሁት።»

«መበየጃውንስ?»

«እሱንም።»

«ለትራንስፎርመሩ ባርኔጣ አውልቀህ እንዴት ዋሉ ብለሃል አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«ብያለሁ። ሽማግሌ ናቸው።»

«ፍየሏንም ጠየቅህ።»

«ጠየቅሁ።»

«እኔስ?» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን። «እኔ አልቀመጥ ስል ለምን አልሽ ያለኝ ማን ነው?»

ጋሽ ቢተው ደነገጡ። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ተሳፋሪ ሳይጠይቁ አላሳለፉም። ያሳለፉት አንድ ሰው ነው፣ እሱም የገዛ ሚስታቸው። አፈሩ። ቁጭ አሉና የባለቤታቸውን እጅ ያዙ።

«ዘርትሁን፣ ለምን አልቀመጥም አልሽ?»

«ሞቆኝ መሰለህ? ድሬዳዋ ተወልጄ ሙቀት አላውቅም? ስወርድ ተይ አትሂጂ ትለኛለህ ብዬ ነበር። ባጃጁ እስኪነሳ ዞሬ ዞሬ አየሁህ። አንተ ሳጥኑን በጥፊ ትላለህ።»

«አላየሁሽም።»

«እሱማ አላየኸኝም።»

«እባክሽ ነይ። ልጣጩም ይቅር፣ ቅዝቃዜውም ይቅር። ብቻዬን መዞር አልቻልኩም። የማወራው ለመቀመጫ ቀበቶ ነው።»

ወይዘሮ ዘርትሁን ካርቶኑን ጣሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ደረቡ፣ አንድ ቁራጭ ሐብሐብ አነሱ፣ «በል ተነስ፣ አሥር ሰዓት ሊሆን ነው» አሉ።

አሁን አጥብቃችሁ ያዙኝ፣ ቶሎ ቶሎ ልሄድ ነው! ወይዘሮ ዘርትሁን በዚያ እሳት ውስጥ ተቀመጡ፣ ሐብሐቡን በሉ፣ ጫፉ ላይ ቀዩን ትንሽ አስተረፉ፣ መስኮት ከፈቱ፣ ልጣጩን ወረወሩ፣ መስኮት ዘጉ። ፍየሏ ከዛፉ ዱብ አለች። ዛፉ ቅርንጫፉን ቀና አደረገ፣ ትራንስፎርመሩን አጠላ። ትራንስፎርመሩ «እፎይምምምም» አሉ፣ መብራትን አሳለፉ። ሰፈሩ በአንድ ድምፅ «መጣች!» ብሎ ጮኸ። መብራት መበየጃውን አሞቀች፣ መበየጃው ሽቦዋን በየደ። ሙሜ በአፉ ሳምቡሳ እንደያዘ ሮጦ ሳጥኑን ቦታው መለሰ። ሳጥኑ ሳል አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቀዝቃዛ ተነፈሰ። የወይዘሮ ዘርትሁንም ወንበር ወይዘሮ ዘርትሁን ነበሩበት።

አንድ መንገድ ሄዱ። ሁለተኛው ላይ ሲታጠፉ ወይዘሮ ዘርትሁን «ቢተው» አሉ።

«ወዬ።»

«ንፋሱ ጉልበቴን መታኝ። ዝጋው።»

ጋሽ ቢተው የሳጥኑን ቁልፍ ተጫኑ። አንድ ጊዜ ተጫኑ፣ ሁለት ጊዜ ተጫኑ። እጃቸውን ለጥፊ አነሱና ወደ ቀኝ አይተው መልሰው አወረዱት።

ሳጥኑ አልዘጋ አለ።

ወይዘሮ ዘርትሁን ነጠላቸውን አወለቁ፣ ግማሹን በራሳቸው ጉልበት፣ ግማሹን በባላቸው ጉልበት ላይ ጣሉ። በግንቦት፣ በድሬዳዋ፣ በአሥር ሰዓት ፀሐይ፣ ሁለት ሽማግሎች በአንድ ነጠላ ተጠቅልለው እየተንቀጠቀጡ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ከዚራን ዞሩ። ሳጥኑን ለምን አልክ ብሎ የጠየቀው የለም።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በሐብሐብ አርሱ።