ሸማኔውና ያልተወጉት ኪንታሮቶች

አንድ ሸማኔ ነበረ። ልጄ፣ «በገዛ ጭንቅላቴ ተምሬ ለወግ ለማዕረግ በቃሁ፤ አስተማሪዬን የማመሰግነው ለምንድን ነው?» ብለህ ጠይቀኸኝ የለ? እንግዲያው የዚህን ሸማኔ ነገር ስማ።

ሰውየው በሰፈሩ ስመ ጥር ነበር። ምን ያደርጋል፣ እጁና እግሩ ላይ ኪንታሮት ወጣና ፈላበት። የሻከረ ጣቱ ድሩን እየያዘ ይበጥሰዋል፤ መርገጫውን በረገጠ ቁጥር ውስጥ እግሩን እንደ እሾህ ይወጋዋል። አንዲት ልጁ ደግሞ ልትዳር ነው። የእሷን የሠርግ ቀሚስ ሌላ ሸማኔ ሊሠራላት? ሞቱ ነው!

በምላጭ ቆረጠው፣ በፈረስ ጭራ አሰረው፤ ወይ ፍንክች! አንድ ሐኪም ዘንድ ሄደና ኪንታሮቱን ራሱን የሚገድል መርፌ እያንዳንዱ ላይ ተወጋ። ሕመሙማ አይነሣ! የተወጋው ጠቁሮ ወደቀ፤ አጠገቡ ግን ሌላ በቀለ። ያ መርፌ ስንቱን ያዳነ ነው፣ አልነቅፈውም፤ ለእሱ ግን አልሆነለትም።

ኋላ ወደ አንዲት ሐኪም መሩት። እሷ ሌላ ዓይነት መርፌ አወጣች። አውራ ጣቱ ላይ ያለውን ትልቁን ብቻ ወጋችና «ይበቃል አባቴ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይመለሱ» አለችው።

«ሌሎቹስ?»

«ያኛው መርፌ ኪንታሮቱን ይገድላል። ይሄኛው ግን ተኝቶ የኖረውን ሰውነትዎን ይቀሰቅሰዋል። እሱ ከነቃ የቀሩትን ራሱ ያባርራቸዋል።»

ሸማኔ አይደል፣ የተበጠሰ ክር አንድ በአንድ ሲቋጥር የኖረ! «አንዷን ክር ቋጥሮ ድሩ ሁሉ ተጠገነ የሚል ማን ነው?» እያለ እያጉረመረመ ሄደ። ልጁ ግን በቀጠሮው ቀን እየጎተተች መለሰችው። ሐኪሟም ያንኑ ኪንታሮት ደግማ ወጋችው።

ምን ልበልህ! አንድ ጠዋት መርፌ ያልነካው የትንሽ ጣቱ ኪንታሮት ረገፈ። ከዚያ የመዳፉ፣ ከዚያ የውስጥ እግሩ። ይሄኔ ሰውየው ኩራት ቢጤ ጀመረውና ለጎረቤቱ ሁሉ «መርፌ የት ነክቶት! የገዛ ደሜ ነው ያዳነኝ» ማለት አበዛ።

ልጁ ሰማችው። «አባዬ፣ ያ ደምህ እስከ ዛሬ የት ነበረ?» አለችው።

ሸማኔው አፈረ። የልጁን ቀሚስ ሠርቶ ሲጨርስ፣ በዚያው በለሰለሰ እጁ አንድ ቋጠሮ እንኳ የሌለበት ነጠላ ሠራና ይዞ ወደ ሐኪሟ ሄደ። እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዘችው።

«ኧረ ይተዉ አባቴ! የሠራው የእርስዎ ሰውነት ነው።»

«ነው እንጂ» አላት። «እርስዎ ባይቀሰቅሱት ግን እንደተኛ አብሮኝ ይቀበር ነበር። እግዜር ይስጥልኝ፣ ዶክተር።»

አየህ ልጄ፣ ያነበብከው አንተ ነህ፤ ማንም አላነበበልህም፣ አልክድህም። ግን ያ ጭንቅላትህ እንደ ሸማኔው ደም ዝም ብሎ ተኝቶ ነበር። መጥቶ የቀሰቀሰልህ ሰው አለ። ሠራሁ ማለትህ ሐሰት አይደለም፤ ብቻዬን ማለትህ ነው ያስቀየመኝ። አስተማሪህ አሁንም እዚያው የተማርክበት ሰፈር ናቸው። ጆሯቸው ደክሟል አሉ፤ ስትሄድ ምስጋናህን ጮክ ብለህ ንገራቸው።