በመለኪያው አፍ ላይ ያረፈች እጅ

በአንዲት ከተማ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በርስት ሲካሰሱ፣ ሰው የሚጠራው እሳቸውን ነበር። እርቁ ከወረደ በኋላስ? አረቄ ይቀዳል። መጀመሪያ ለማን? ለሽማግሌው።

እንዲህ እየተቀዳላቸው አረጁ። ሐኪም የደም ግፊት ኪኒን ሲያዝላቸው፣ «አባቴ፣ ይህና አረቄ አብረው አይሄዱም» ብሏቸው ነበር። ኪኒኑን አልተዉም፤ አረቄውንም አልተዉም። ከአንድ እርቅ ሲመለሱ ደጃፋቸው ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ የሚሄዱት በሚስታቸው በወይዘሮ የሺመቤት ትከሻ ተደግፈው ነው። ሐኪሙም ለሚስቲቱ፣ «ዳግመኛ ከወደቁ አይነሡም» ብሏቸዋል።

አንድ እሑድ ሽማግሌው ሁለት ወንድማማቾችን አስታረቁ። ታላቁ፣ ጌጤነህ፣ ጠርሙሱን ይዞ ሲመጣ ወይዘሮ የሺመቤት የባላቸውን መለኪያ በመዳፋቸው ከደኑት።

«ምነው እትዬ፣ በደስታችን ቀን!»

«ይበቃቸዋል፣ ልጄ።»

«ኧረ ገና አልቀመሱም! በሞቴ፣ አባባ!»

«እትዬ ለራሳቸው አስበውት ነው» አለ ታናሹ። ቤቱ ሳቀ።

«እጅሽን አንሺ» አሉ ሽማግሌው። «ልጆቹ ሲያከብሩኝ እምቢ ልበል?»

አላነሡም። ጌጤነህ እየሳቀ ከላይ ቀዳ። አረቄው በጣቶቻቸው መካከል ወረደ።

«እናንተ ስትጣሉ እሳቸውን ትጠራላችሁ» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት። «እኔ ከእሳቸው ጋር ስጣላ ማንን ልጥራ?»

ሳቁ ቆመ። ሽማግሌው የሚስታቸውን እጅ አንሥተው በጋቢያቸው ጫፍ አደረቁላቸው። ከዚያም በጣቶቹ መካከል ሾልኮ የገባውን ጠጡ። ሲመሽ ወይዘሮ የሺመቤት እንደ ወትሮው ትከሻቸውን ሰጡ፤ ሁለቱ ብቻቸውን ወጡ። ጠጡ ሲሏቸው ከነበሩት መካከል የሸኛቸው አልነበረም።

እናንተ የምትሰሙኝ፣ ሽማግሌው አጥፍተዋል ትላላችሁ? አዎን፣ አጥፍተዋል። ነገር ግን ጠርሙሱ በማን እጅ ነበር? ወጣት ሲሰክር እንገሥጻለን። አባት ሲሰክር ግን «ይጫወቱ፣ ምን ቀራቸው?» እንላለን። ይህን አክብሮት ብለን የጠራን እኛ ነን። አክብሮት አይደለም። የቀራቸውን ዕድሜ እንደማይረባ ነገር መቁጠር ነው።

ይህን ደጋግሞ መናገር ያደክማል፤ ያችን እጅ በየማዕዱ ዘርግቶ መዋል ግን የባሰ ያደክማል።

በሚመጣው በዓል በቤታችሁ አንድ አባት ይቀመጣሉ። በመለኪያቸው ላይ እጅ ካያችሁ ጠርሙሱን አስቀምጡ። ሲነሡም በሌላው ጎናቸው ገብታችሁ፣ ደጃፋቸውን እስኪሻገሩ ድረስ ደግፏቸው።