ታቦት ሲቆም በሰንበሌጤ

ሰንበሌጤ መድኃኔዓለም በሁለት ሸለቆ መካከል ባለ ጠባብ አምባ ላይ የቆመ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለጥምቀት ወደዚያ የሚሄድ እንግዳ አንድ ነገር ግር ይለዋል። በሌላ አገር ታቦት የተሸከመው ካህን መንገድ ላይ ሲቆም ሕዝቡ እልል ይላል፣ የተጣላ ይታረቅ፣ የበደለ ይናዘዝ እየተባለ ይለመናል። በሰንበሌጤ ግን ካህኑ ቆም ሲሉ ከበሮው ዝም ይልና ሕዝቡ እንዳለ መሬት ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጠው ሰው ብቻውን ጠጋ ብሎ «አባቴ፣ አመመዎት ወይ?» ሲል ይጠይቃል። ካህኑም ይመልሳሉ፤ በዚህ ደብር ታቦት የተሸከመ ሰው እንዲናገር ተፈቅዶለታል። ልማዱ ከየት እንደመጣ ሽማግሌዎቹ ሲጠየቁ ይናገራሉ እንጂ ደስ ብሏቸው አያወሩትም።

እንደሚነገረው ቤተ ክርስቲያኑ መጀመሪያ ሲተከል ሃያ ሰው በቅጡ የማይዝ፣ በሰንበሌጥ ሣር የተከደነ ጎጆ ነበር፤ ስሙም ከዚያው የቀረ ነው። ቦታውን የሰጠችው አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት ይባላል። ሁለት ልጆቿን ፈንጣጣ በአንድ ሳምንት ወስዶባት፣ ወንዙ ሞልቶ ማዶ ካለው ደብር ማድረስ ስላልተቻለ በእርሻዋ ጥግ ቀብራቸው ነበርና፣ «ልጆቼ ቅዳሴ እየሰሙ ይረፉልኝ» ብላ እርሻውን ለታቦት ሰጠች። የመጀመሪያው ቄስ ታናሽ ወንድሟ መምሬ ጥሩነህ ሆኑ። እናታቸው ስትሞት ከወለል አንስታ ያሳደገቻቸው፣ ዳዊት እስኪደግሙም ስንቅ እየቋጠረች ያስተማረቻቸው እሷ ነበረችና፣ ካህን ከሆኑም በኋላ «እታለም» እያሉ ነበር የሚጠሯት።

ሰው እየበዛ፣ አገሩ እየቀና ሄደ። በክረምት ውጭ ቆሞ በዝናብ እየተደበደበ የሚያስቀድሰው ውስጥ ካለው በለጠ። ስለዚህ ጭቃ ሹሙ ባያብል አገሩን ሰብስቦ ሰፊ ክብ ቤተ ክርስቲያን በድንጋይ እንዲሠራ አስወሰነ፤ መሠረቱ ሲለካ ግን ገመዱ በአንጓች ልጆች መቃብር ላይ አለፈ። አንጓች ገመዱን ጨብጣ አልለቅም አለች።

«የሰጠሁትን ሁሉ ውሰዱ። አፅማቸው ላይ ግድግዳ አታቁሙብኝ።»

«ወዲያ ገደል፣ ወዲህ ገደል» አላት ባያብል። «ለሁለት ሕፃን ተብሎ አገር ይበስብስ?»

መምሬ ጥሩነህ ጥምቀት ይለፍና እኔው እናገራለሁ ብለው አበረዷቸው። ለእህታቸውም «እታለም፣ እኔ እያለሁ ማንም አይነካቸውም» አሏት፤ እሷም አመነች። እሳቸው ግን ለማንም ያልነገሩት ነገር ነበራቸው። ከዓመት ወዲህ ደረታቸውን ውጋት እየቀሰፋቸው፣ ዳገት ሲወጡ እግራቸው ይከዳቸው ነበር። ከእሳቸው ሌላ የነበሩት ቄስ ዓይነ ስውር ስለሆኑ ታቦቱ ተሸካሚ እንዳያጣ ብለው ዋጥ አድርገው ያዙት።

የጥምቀት ታቦት ሲመለስ፣ ከአምባው ጫፍ ለመድረስ ጥቂት ሲቀር ውጋቱ መጣና መምሬ ቀጥ ብለው ቆሙ። ሕዝቡ እልል አለ። ታቦቱ አልንቀሳቀስ ብሏል ተባለ። በዚያ ዘመን ደንብ ደግሞ ታቦት የተሸከመ ካህን ከሰው ጋር ቃል አይለዋወጥም፤ ከተናገረ ታቦቱን እንዳቃለለ ይቆጠርበታል።

«መድኃኔዓለም ቤቴ እንዳይሠራ የከለከለ ሰው አለ ማለቱ ነው!» አለ ባያብል።

የሰዉ ዓይን ሁሉ አንጓች ላይ ዐረፈ። «ትውጣ! ትውጣ!» የሚለው ድምፅ ሲበረታ እሷ ወደ ወንድሟ ተጠጋች።

«ጥሩነህ፣ እኔ ነኝ ወይ? ንገራቸው እንጂ!»

መምሬ ሰምተዋታል። ከመጎናጸፊያው ሥር ላብ ዓይናቸውን እያቃጠላቸው፣ እኔን ነው ያመመኝ ልበል አልበል እያሉ ከራሳቸው ጋር ሲታገሉ ቆዩ፤ በመጨረሻ ደንቡን ፈሩ። ዝም አሉ። አንጓች ጥቂት ጠበቀች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ «ያስቆምኩት እኔ ከሆንኩ ይኸው ሄድኩ» ብላ ቁልቁለቱን ወረደች። ከዓይን ስትሰወር፣ ልክ ያን ጊዜ፣ ውጋቱ ለቀቃቸውና እግራቸው ተንቀሳቀሰ። ሕዝቡን እግዚአብሔር ይቅር ይበለው እንጂ፣ በሰንበሌጤ እንደዚያ ቀን እልል ተብሎ አያውቅም ይባላል።

መምሬ ታቦቱን መንበሩ ላይ እንዳሳረፉ ወጥተው እያለቀሱ እውነቱን ተናገሩ። ማን ይመናቸው? ለእህታቸው አዝነው ነው ተባለ፤ ይባስ ብሎም ትሕትናቸው ተመሰገነ። በየገበያው፣ በየገዳሙ ቢፈልጓት አየኋት የሚል አልተገኘም። ሰኔ ሳይገባ ግድግዳው በመቃብሩ ላይ ቆመ፤ እሳቸውም እዚያው ቀደሱ። ሲያጥኑ በዚያ በኩል ሲደርሱ እግራቸውን የት እንደሚያሳርፉ ይጠፋቸው ነበር ይላሉ።

በዓመቱ፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ ውጋቱ እንደገና ያዛቸው። ሕዝቡም እንደለመደው ደግሞ የማን በደል ነው እያለ እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር። አንድ ሰው ከሚስቱ ጋር የማትስማማውን ምራቱን ክንዷን ይዞ ወደ ፊት ሲገፋት መምሬ አፋቸውን ከፈቱ።

«ተዋት! እኔን ነው ያመመኝ። አምናም እኔን ነበር።»

ዓይነ ስውሩ ቄስ በዳበሳ ታቦቱን ሲቀበሏቸው መምሬ በጉልበታቸው ወደቁ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ዐረፉ። ያን ዕለት ባያብል «አንጓች! አንጓች!» እያለ ቁልቁለቱን ሮጠ ይባላል። ከሄደች ዓመት ካለፋት በኋላ ነው እንግዲህ።

ቤተ ክርስቲያኑ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሰፍቷል፤ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ከሦስት ቀበሌ የሚመጣውን ሕዝብ ይይዛል። የሕፃናቱ መቃብር የቱ ጋ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። አምና ለበዓል የመጣ አንድ መምህር ልማዱን አይቶ፣ ጥያቄውን የሚጠይቁትን ሽማግሌ «እንዴት ያለ ደግ ሕዝብ ነው!» ቢላቸው፣ ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ቁልቁለቱ መለሱ አሉ።

«ካህኑንማ ዓመት በዓመት እንጠይቃለን» አሉት። «እሷን ግን ያን ቀን፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ፣ ‹ወዴት ነሽ?› ያላት አንድ ሰው አልነበረም።»