ርስቱን ያልለቀቀው አዞ

ተረት ተረት ስላችሁ «የደረቀ ርስት» በሉኝ።

ሁለት አዞዎች በአንድ መልካ ይናከሱ ነበር፤ እንስሳቱ ሁሉ ወንዙን የሚሻገሩት በዚያ ነበርና። አንድ ክረምት ጎርፍ መጥቶ ወንዙን አቅጣጫ አስቀየረው። ታናሹ አዞ ውኃውን ተከትሎ ሄደ። ትልቁ ግን፣ ያ ግብዝ፣ ደረቱን ነፍቶ «ፈሪ! ለቀቀልኝ! ከእንግዲህ መልካው በሙሉ የእኔ ነው!» ብሎ ፎከረ።

ከጥርሱ መሃል ሥጋ እየለቀመች የምትኖረው ወፍ «ጌታዬ፣ ውኃው እኮ ዞሯል፤ እርስዎም ይነሡ እንጂ» አለችው።

«የአባቴን ርስት? እኔ በሕይወት እያለሁ?» ብሎ ጮኸባትና ግዛቱን ለማስፋት አሸዋውን በጅራቱ ይዝቅ ጀመር።

የወፏ ትዕግሥት አለቀ። «አንተ ደንቆሮ! አባትህ የያዘው ውኃውን ነው እንጂ አሸዋውን መች ሆነ! ከጥርስህ ቁራጭ ሥጋ ካገኘሁ ሰነበትኩ!» ብላ ጥላው በረረች።

አዞው በንዴት አፉን ከፍቶ ተሻጋሪ ጠበቀ፤ ጠበቀ፤ በበጋው ፀሐይ እዚያው ደርቆ ቀረ።

አንድ ቀን አንዲት አህያ ከነውርንጭላዋ መጣች። ጀርባውን ረግጣ አለፈችና ወደ ኋላ ዞራ፣

«ልጄ፣ ድንጋዩን ርገጥ፤ አሸዋው ያቃጥላል» አለችው።