«ሰው»ን ሊጠይቅ የወጣው ገበሬ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ሁለት በሬ ብቻ ያለው። ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ልጄ። «መምህር፣ ኅብረተሰብ የሚሉት ነገር የት ነው ያለው? እኔ የማየው አንድ አንድ ሰው ነው» ብለሽ ክፍሉን ሁሉ አስቀሻል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ትርጉሙን ከመጽሐፉ ታገኚዋለሽ፤ እኔ ገበሬውን ልንገርሽ።

የዚህ ገበሬ አባት ሰኔ መግቢያ ላይ ሞቱ። አርባቸው የሚውለው ሐምሌ ላይ፣ ጤፍ በሚዘራበት ሰሞን ነው። በዚያ አገር ወግ ደግሞ ለአባት ተዝካር በሬ ይታረዳል። ከሁለቱ በሬዎቹ ወይኖን ቢያርደው ጉራች ብቻውን አይጠመድም። ሌላ ባለ አንድ በሬ ፈልጎ እንዳይቀናጅ፣ ሰዉ ሁሉ ተቀናጅቶ አልቋል። ማሳው ጦሙን ሊያድር ነው፤ አራት ልጆች አሉት። ባያርድስ? «አባቱን እንደ ውሻ ቀበረ» ሊባል ነው። ምስኪን፣ አባቱን እንኳ በወጉ ሳያለቅስ ሰው ምን ይለኛል እያለ ከሳ።

ሚስቱ አንድ ቀን መረራትና «ይሄ ሰው ሰው የምትለው ማነው? ሂድና ጠይቀው» አለችው። የምሯን ይሁን ለመገላገል እኔ እንጃ፤ እሱ ግን ዱላውን አንሥቶ ወጣ።

መጀመሪያ ታች ቤት ያለው ጎረቤቱ ዘንድ ሄደና በሬዬን ባላርድ ታማኛለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ጎረቤቱ ምሎ ተገዘተ። እሱስ ችግሩን ያውቃል፣ አያማም፤ ሰው ግን ያማል፣ ለምሳሌ አጎትህ አለው። አጎቱ ዘንድ ሄደ። አጎቱ የወንድማቸውን ስም ሲሰሙ እንባ ቀደማቸው። ልጆችህን አስርበህ ለኔ ወንድም አትረድ፣ እኔ ምን እላለሁ፣ ብቻ ቄሱ እንዳይታዘቡህ አሉት። ቄሱ ዘንድ ወጣ። እሳቸውም ፈገግ ብለው፣ ለነፍስ ጸሎትና ለድኻ የሚሰጥ ቁራሽ እንደሚበቃ ነገሩት፤ የሚያጉረመርመው ምእመኑ ነው አሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ አገሩን ዞረው። በየደጁ የሚያገኘው ደግ ሰው ነው። የሚያማው ሰው ሁልጊዜ የሚቀጥለው ቤት ነው ያለው።

የመጨረሻው ቤት ምንጩ አጠገብ ያለች የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ጎጆ ነበረች። እሷንም እንደ ሌሎቹ ጠየቃት። በርጩማ አቀረበችለት፣ ውሃ ሰጠችው፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«አምና የባሌን ተዝካር ያወጣሁ ጊዜ» አለችው፣ «ያለችኝን አንዲት ላም አረድኩ። ልጆቼ ከዚያ ወዲህ ወተት አላዩም። አንተ በልተህ ጠጥተህ ስትወጣ፣ እደጅ ቆመህ ‹ጠላው ቅራሪ ነው› አልክ። ሰማሁህ።»

ገበሬው አስታወሰ። ለጨዋታ ብሎ የጣላት ቃል ናት፤ ሰዎቹ ሲስቁለት ደስም ብሎት ነበር።

«አንተ ‹ሰው ምን ይለኛል› ስትል ማን እንደሚታይህ አላውቅም» አለች። «ለእኔ የሚታየኝ ግን ያንተ ፊት ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ይቅርታ ጠይቋት ወደ ቤቱ ተመለሰ። መንገዱን ሙሉ አላለቀሰም አይባልም።

አርባው ደረሰ። ሰው ሁሉ የሥጋውን ሽታ እየጠበቀ ገባ። የቀረበው ንፍሮ፣ ዳቦና ትንሽ ጠላ ነው። ሹክሹክታው ሳይጀመር ገበሬው ብድግ ብሎ እጅ ነሣ።

«በሬዬን አላረድኩም፤ ለልጆቼ አርስበታለሁ። አምና በዚህች እናት ጠላ ላይ ያሾፍኩት እኔ ነኝ፤ አጥፍቻለሁ። ዛሬ በእኔ ላይ የምትሉት ካለ፣ እዚሁ በሉኝ።»

አንዱ ሌላውን ያያል፤ ማንም እጁን አይሰድም። በመጨረሻ ያቺ ሴት ተነሥታ ከንፍሮው ዘገነችና «ነፍስ ይማር» አለች። አጎቱ ቀጠሉ፣ ቄሱ ቀጠሉ፣ ከዚያ ሁሉም በላ።

አልታማም አልልሽም፤ ታምቷል። የሰው አፍ መቼ ይዘጋል። ወይኖ ግን ተጠመደ፣ ጤፉም ተዘራ። በዓመቱ የታች ቤቱ ጎረቤት እናቱ ሲሞቱ ንፍሮ ቀቀለ፤ ማንም ጉድ አላለም።

እንግዲህ ልጄ፣ ኅብረተሰብ የት አለ ላልሽው፣ ገበሬው ካንኳኳቸው ቤቶች በአንዱም ቁጭ ብሎ አልተገኘም፤ በሬውን ግን ሊያሳርደው ደርሶ ነበር። ሁሉም ቤት ጥቂት ጥቂት ይዞታል፤ የገበሬውም ድርሻ እደጅ የጣላት ያቺ ቃል ናት። ለፈተናው ወግ፣ ልማድ፣ ማኅበራዊ ቁጥጥር ብለሽ ጻፊ፤ ማርክ አልነሳሽም።

ለራስሽ ግን አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ባለፈው ማክሰኞ ያቺ ከገጠር የመጣችው ልጅ ቆማ ስትናገር በአነጋገሯ ተሳቀ። አንቺም ሳቅሽ። ክፋት እንዳልነበረበት አውቃለሁ፤ እኔም በመገሠጽ ፈንታ ፈገግ ብያለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ እጇን አላወጣችም። እሷ መጥታ ኅብረተሰብ የት ነው ያለው ብላ ብትጠይቀኝ፣ የማሳያት ያንቺንና የእኔን ወንበር ነበር። ነገ ክፍል ስትገቢ አጠገቧ ተቀመጪ፤ እኔም ቆሜ የምላት አለኝ።